የተኛችው መርፌ

ሚኒባሱ የቁስቋም ዳገት ወገብ ላይ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

«ይኸው!» አለ ፊልጶስ ማንም ሳይጠይቀው። «አላልኳችሁም? አሁን ሞተሩን አየችው።»

ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። አየችው የተባለችው ዝናሽ ደግሞ የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ዓይኗ ያን ሁሉ ወንበርና ተማሪ በስቶ እንዴት እንዳለፈ የጠየቀ አልነበረም። ፊልጶስ እንዳወራው ከሆነ፣ ልጅቱ ሳንጃ እያለች አንድ ትራክተር ቀና ብላ ብታየው ብረቱ እንደ ቅቤ ቀልጦ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ፈሷል፤ አጫጆቹ በጥቅምት ያገኙት መሪውን ብቻ ነው። ዝናሽ ወደ ጎንደር መጥታ ሰርቪሱ ላይ በተሳፈረች በሳምንቱ ሞተሩ መጥፋት ሲጀምር፣ ወሬው እግር አወጣ።

ልዕልትና ፊልጶስ ከጋቢናው ወረዱ። ሹፌሩ የልዕልት አባት ሰውአገኝ ነው። ወንበሩን ገለበጠ፣ አማተበና ፊልጶስ ከሚያቀብለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ሞተሩ ላይ አፈሰሰ። እንፋሎቱ ፍስስ አለ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ።

«ተመስገን» አለ፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺ ልጅ ከነገ ጀምሮ በእግሯ ትመላለስ።»

«ምነው አባየ? ሰኞ እኮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው!»

«መንገድ ላይ ቀርተን ሁላችሁም ፈተናው ይለፋችሁ?»

ልዕልትም በስርቆት መስታወቱን አየች። ዝናሽ ዓይኗን ጨፍናለች። ከራሷ ዓይን የምትሸሽ ትመስላለች።

ያን ምሽት ልዕልት አንድ ነገር ከነከናት። አዘዞ ያለው መካኒክ አያ ደመቀ ሰሞኑን ሞተሩን ሲመረምር አብራ ነበረች። ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር እንደ ሰዓት ይሠራል። «ሲጠፋብህ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ዙር የምታሳየውን መርፌ እያት» ነበር ያለው ለአባቷ። «ቁልፍ ስታዞር ሞተሩ እየተሽከረከረ መርፌዋ ከተኛች፣ ዙሩን የሚቆጥረው ሴንሰር ሙቀት አልቻለም ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ይነቃል።» አባቷ ግን መርፌዋን አንድ ቀንም አላያትም። የሚያየው መስታወቱን ነበር።

በማግሥቱ ዝናሽ ላብ አጥምቋት፣ አርፍዳ ክፍል ገባች። በእረፍት ሰዓት ልዕልት ፊልጶስን የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ላይ ያዘችው። የጸበሉን ጠርሙስ እየሞላ ነው።

«ፊልጶስ!»

ልጁ ጠርሙሱን ሊጥለው ነበር። «ቀስ! ልታሳብጂኝ ነው እንዴ?»

«ጸበሉስ?»

«ባለፈው ሳምንት ከኳስ በኋላ ጠምቶኝ... ጠጣሁት። ያውም ዳቦ በልቼ! ባዶ ጠርሙስ ላሳየው ታዲያ? ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ነው።»

«እንግዲያ ሞተሩ የሚነሣው በቧንቧ ውኃ ነው!»

«ጠርሙሱ እኮ የጸበል ነው፤ ትንሽ ተነካክቷል።»

«ዝናሽስ?»

«አቦ፣ ቀልድ ነው! ትራክተር ቀለጠ ስል ማን ያምናል ብዬ?» ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ በማርያም! እንደ ጎማ ነው የሚያንከባልለኝ። በሕፃንነታችን የማልሽልኝን እንዳትረሺ፤ አንዳችን ባንዳችን ላይ አንናገርም።»

ከሰዓት በኋላ ዝናሽ ሰርቪሱ ውስጥ አልነበረችም። ሚኒባሱ ግን እዚያው ዳገት ላይ አስነጥሶ ጠፋ።

«አባየ፣ አንዴ አስነሣውና መርፌዋን እያት።»

ሰውአገኝ ቁልፉን አዞረ፤ ዓይኑ ግን ጠርሙሱን ይፈልጋል። ሞተሩ ግር ግር እያለ ይዞራል። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች፤ ቅንድቧን እንኳ አላነሣችም። ውኃው ሲፈስበት ሞተሩ ተነሣ፤ መርፌዋም ብድግ አለች።

«አየህ? ዝናሽ እኮ የለችም!»

«ዓይኗ ገና አልለቀቀውም» አለ አባቷ ማርሽ እያስገባ። «ጸበሉ ባይኖር እዚሁ አድረን ነበር።»

ፊልጶስ በመስኮት ወደ ውጭ ያፏጫል።

ጠመዝማዛውን እንዳለፉ ዝናሽ ከፊታቸው ታየች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ የመንገዱን ዳር ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። የሚኒባሱን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ሰውአገኝ ነዳጅ ረገጠ። ከኋላ አንዱ ልጅ «ጨፍኑ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ወራጅ አለ!» አለች ልዕልት።

አባቷ በልማድ ፍሬን ያዘ። ቆይቶ ነው የገባው። «ማነው ወራጁ?»

ፊልጶስ ክርኗን ጨበጠ። «ልዕልት፣ ሸጋዋ፣ ተይ...»

ልዕልት እጁን ቀስ አድርጋ አነሣችና ወረደች። ተንሸራታቹን በር ከፍታ ዝናሽ እስክትደርስ ያዘችው። ዝናሽ መሬት መሬት እያየች ቆመች።

«ግቢ» አለቻት፤ ከዚያ ወደ አባቷ መስኮት ተጠጋች። «አባየ፣ ሞተሩን አጥፋው። የምነግርህ ነገር ይረዝማል።»