ላባና ጓዳ

ወንበሩ ለሦስተኛ ጊዜ ለጋሽ ናኦል የቤተሰብ መኪና አዘዘላቸው።

«ጓዳ» ይላል ከጎኑ የወጣው ወረቀት። ባለሙያዋ ኢክራም ወረቀቱን አየች፣ ጋሽ ናኦልን አየች፣ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ድሬዳዋ ውስጥ ጋሽ ናኦልን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት በባቡር የመጣ መሆን አለበት። አርባ ዓመት ሙሉ የደንገጎን ዳገት በገዛ እጃቸው እየነዱ የወጡ፣ ሐረር የሚሄዱት ለሐረር ሳይሆን ለኩርባዎቹ ሲሉ የሆነ፣ መኪና ላይ የተጫነችን እያንዳንዷን ትርፍ ኪሎ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጓዳ ማዘዝ ለዓሣ ጫማ እንደመለካት ነው።

«አቦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ወንበሩ ዛሬ ሙድ የለውም።»

«ችግር የለም ልጄ» አሉ ጋሽ ናኦል። ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

«ልክ ወንበር» የሚባለው ይህ ዕቃ ሰው ሲቀመጥበት ይለሰልስና የተባለውን መኪና ይሆናል። መሪ ያወጣል፣ በር ይዘጋል፣ መንገዱን ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፣ ጠጠሩን ሳይቀር ከሥር ያሰማል። የተቀመጠው ሰው ስምንት ደቂቃ በአንደኛው፣ ስምንት ደቂቃ በሌላኛው መኪና ደንገጎን ይወጣል። ወንበሩ በዚህ መሃል የልቡን ምት፣ የእጁን ላብ፣ የጡንቻውን መወጠር ይለቅምና ሰውነቱ የወደደውን መኪና ጽፎ ይሰጣል። አንድ ቤት አንድ ታርጋ የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ ያለ ወንበሩ ወረቀት ታርጋ የለም። ታርጋው ለአሥር ዓመት ስለሆነ የተሳሳተ ሰው አሥር ዓመት ይጸጸታል።

ምርጫው ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። ላባ አራት መቶ ኪሎ ብቻ የሚመዝን የውድድር መኪና ነው። ጣሪያ የለውም፤ በር የለውም፤ ሰው የሚገባው ጎኑን ተራምዶ ነው። በድሬ ሙቀት ማቀዝቀዣ እንኳ የለውም። መኪናን ያለ ሰው የሚነዳው መሣሪያ፣ ነጂ አንጎል የሚሉት፣ ስልሳ ኪሎ ስለሚከብድ እሱም ተነሥቷል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ሰው በእጁ እንዲነዳው የተፈቀደለት መኪና ላባ ብቻ ነው። ጓዳ ግን ወንበሩ እስከ መሬት ዝቅ ብሎ እንግዳውን ይቀበላል፣ ከገንደ ቆሬ ገበያ የተጫነውን ሁሉ ይውጣል፣ ያሉት ቦታ ራሱ ያደርሳል። መሪ የሚባል ነገር የለውም።

ጋሽ ናኦል ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰባ የሞላው ሰው በእጁ መንዳት ስለማይፈቀድለት የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ኤልዳና ደግሞ ስልሳ አንድ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና ሐረር ይመላለሳሉ። ናኦልና ኤልዳና ድሮ የሕፃን ስም ነበር አሉ፤ ዛሬ ስሙን የሰማ ሰው ከዘራ ነው የሚታየው። ሁለቱም ይህን ጠዋት ለብሰው፣ ተቀባብተው፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወዳለው ወደ ኢክራም ወርክሾፕ የመጡት የዓመቱ የታርጋ ምዝገባ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ነው። አሁን አራት ተኩል ሆኗል።

ከመጋረጃው ወዲያ ሁለተኛው ወንበር ጮኸ። ኢክራም ሄዳ የእትዬ ኤልዳናን ወረቀት አነሣች።

«ላባ» ይላል። እሱም ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

«ምን አለኝ?» አሉ እትዬ ኤልዳና ዳሌያቸውን ይዘው እየተነሡ።

«እትዬ፣ ተገልብጧል። የእርስዎ ለጋሼ፣ የጋሼ ለእርስዎ እየሄደ ነው። ሽቦው ነው፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

እትዬ ኤልዳና አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ።

ኢክራም ወለሉን ከፍታ ገባች። ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች በየቦታቸው ናቸው፤ ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ። ብትፈትሽ፣ ብትለካ፣ አንድም እንከን የለም። መቼም የፋብሪካ ሰው ቀለም ተሳስቶ ይሆናል ብላ ሁለቱን አቀያየረችና ወጣች። ባልና ሚስቱን እንደገና አስቀመጠቻቸው። በዚህኛው ለጋሽ ናኦል ላባ፣ ለእትዬ ኤልዳና ጓዳ ወጣ።

«ኡፍፍ!» አለች ኢክራም ግንባሯን እየጠረገች። «አሁን ሰው ሆነ!»

ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ ባልና ሚስት ተነጋግረው በአንዱ መኪና ይፈርማሉ። የእነዚህ ንግግር ግን ጉርሻ የሚያጎርሱ ሰዎች ትግል ነበር።

«ጓዳውን እንፈርማለን» አሉ ጋሽ ናኦል። «ለዳሌሽ የሚሆነው እሱ ነው።»

«በእኔ አሳበህማ አይሆንም! ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። ላባውን ውሰድ።»

«አንቺን ያን ጎን ላዘልልሽ? አፈር ስሆን ጓዳውን በይ።»

«በሞቴ ላባውን በል!»

«ኤልዱዬ፣ እኔ ልሙት!»

እንዲህ እየተገዳደሉ ሳሉ አምስት ሰዓት ሞላ። ኢክራም ጣልቃ አልገባችም፤ ሥራዋ አላለቀም ነበር። ሽቦ የነካ ባለሙያ ወረቀት ከማተሙ በፊት አንዱ ወንበር ላይ ራሱ ይቀመጣል፣ ሌላውን ባዶ ይተዋል። ኢክራምም የጋሽ ናኦል ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የራሷን ልብ ታውቀዋለች፣ የሦስት ልጆች እናት ናትና ጓዳ ስታይ ዓይኗ ይፈዛል። ስትነሣ ወረቀቷ የወጣው ማንም ካልተቀመጠበት ወንበር ነው። «ጓዳ» ይላል።

ኢክራም ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ሽቦው መጀመሪያውኑ ልክ ነበር። ያበላሸችው እሷ ናት። ወንበሩ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ሦስት ጊዜ አላመነችውም፤ አፉን አዙራ የፈለገችውን አስባለችው።

ተመልሳ ወለሉ ሥር ገባች፤ ሽቦዎቹን እንደነበሩ አደረገች። ስትወጣ ባልና ሚስቱ ፊት ቀርባ ሁሉንም ነገረቻቸው። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

«ሽቦ ስለነካሁ ወረቀቱን ለማተም ጥላችሁን ማየት አለብኝ» አለች። ጥላ የሚሉት ወንበሩ የተቀመጠውን ሰው አኳኋን በብርሃን ቀርጾ መልሶ የሚያሳይበትን መዝገብ ነው። የባለቤቱ ፈቃድ ከሌለ አይከፈትም።

«አያስፈልግም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከዚያ ተያዩ።

«ያለ እሱ ታርጋ የለም፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው» አለች ኢክራም ቀስ ብላ።

መጀመሪያ እጅ የሰጡት ጋሽ ናኦል ናቸው። ኢክራም መብራቱን አጠፋችና የመጀመሪያ ዙራቸውን ከፈተች። ከብርሃን የተሠሩ ጋሽ ናኦል ወርክሾፑ መሃል ተቀምጠው ደንገጎን በላባ ወጡ። እጃቸው መሪውን እንደ ወዳጅ ጨብጦታል፤ የልባቸው መስመር ከፍ ብሎ ይሄዳል። መኪናውን እንደሚወዱት ለማወቅ ወንበርም አያስፈልግም። ቀጥሎ ጓዳው መጣ። መሪ ስለሌለ እጃቸው ባዶውን ጭናቸው ላይ ዐረፈ። ወዲያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ጋቢናው ዞሩ። ስምንቱን ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መንገዱ አልተመለሱም። የልባቸው መስመር ደግሞ ላባው ላይ ከደረሰበት በላይ ወጣ።

«ምንድነው እንዲህ የምታየው?» አሉ እትዬ ኤልዳና።



«አንቺን ነዋ» አሉ ጋሽ ናኦል። «አርባ ዓመት ይዤሽ ስወጣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። አምስተኛው ኩርባ ላይ ሜዳው ከታች ሲገለጥ ሁልጊዜ ትንፋሽሽ ይቆማል፤ እሰማዋለሁ። ፊትሽ ያኔ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ብዞር ገደል እንገባለንና! መሪ የሌለው መኪና ውስጥ ስቀመጥ… እንዲያው አሁን አያታለሁ አልኩ።»

እትዬ ኤልዳና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ኢክራምም አፍንጫዋን ሳበች፤ አቧራ ነው ብላለች ኋላ ላይ፣ ማንም ባያምናት።

«ለእርስዎ ብለው አይደለም እኮ እትዬ» አለች። «የራሳቸው ፍላጎት ነው። ወንበሩ ልክ ነው።»

የቀረው የእትዬ ኤልዳና ነው። ኢክራም የምታየውን አስቀድማ የጨረሰችው መሰላት፤ ሴትዮዋ ላባው ውስጥ ተቀምጠው ባላቸው ሲነዱ እያሰቡ ደስ ይላቸዋል። ሚስት አይደሉ! ጋሽ ናኦልም ይህንኑ እየጠበቁ ራሳቸውን ደፍተዋል። እትዬ ኤልዳና ግን በጭንቀት ጣታቸውን እየቆለፉ ነበር።

«መታየቱ ግድ ነው?» አሉ።

«ግድ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው እንዳትስቁብኝ።»

ከብርሃን የተሠሩት እትዬ ኤልዳና ላባው ውስጥ መሪው ጋ ተቀምጠዋል። ወደ ጎናቸው አላዩም። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ተተክሏል፤ እጃቸው ሳይጨናነቅ መሪውን ይዞታል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀደም ብለው ወደ መንገዱ ውጭ ጠርዝ ከፈት አሉ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ቆረጡ፣ ማፍጠኛውን ረገጡ። ሁለተኛው ላይ ፍሬኑን በስሱ ነክተው ለቀቁት። አምስተኛው ኩርባ ላይ ሜዳው ከታች ሲገለጥ ጮክ ብለው ሳቁ። መንጃ ፈቃድ ኖሯቸው የማያውቅ ሴት ናቸው።

ጋሽ ናኦል ቀና ብለው ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ጥላው፣ አንድ ጊዜ ወደ ሚስታቸው ያያሉ።

«ይቺን የውጭ አከፋፈት ማን አስተማረሽ?»

«አርባ ዓመት ጋቢና ተቀምጬ ምን ስሠራ የነበረ መሰለህ?»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ… አንድ ቀን መሪውን ስጠኝ አትይም?»

«እንዴት ብዬ?» አሉ እትዬ ኤልዳና። «እንደዚያ ስትወደው እያየሁ! ከሰው አፍ ምግብ እንደ መንጠቅ ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ዳሌሽስ?»

«ጎኑን ስራመድ ያመኛል። ቤት ተቀምጬም ያመኛል።»

ጋሽ ናኦል ወዲያው ደስ አላላቸውም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። የቀሯቸው ሁለት ዓመታት ናቸው። ጓዳ ቢወስዱ መሪውን ለማንም ሳይሰጡ ይተዉት ነበር፤ ለሰው መስጠት ሌላ ነገር ነው። ተነሥተው በሩ ድረስ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከዛፎቹ ሥር ጓዳዎች ሰዎቻቸውን ጭነው በየራሳቸው ያልፋሉ፤ ውስጣቸው ያሉት ግማሾቹ ተኝተዋል። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«መንጃ ፈቃድ ታወጪያለሽ፤ መውጣቱን አንቺ» አሉ። «መውረዱን ግን ለእኔ ተይልኝ።»

«ሰባ እስኪሞላህ።»

«ሰባ እስኪሞላኝ። ከዚያ ጋቢናው የእኔ ነው። ስትገቢ ደግሞ ጉልበቴን ትረግጪያለሽ።»

ኢክራም የላባውን ቅጽ ከፈተች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዋና ነጂ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ከልማዱ ብዛት ብቻውን ሄደና «ና» የሚለውን ፊደል ነካ። ደንግጣ አቆመች። ጠዋቱን ሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነበር። አንዲት ሴት ላባ ወደደች ሲባል ወለል ከፍታ ሽቦ ፈታች፤ ሴትዮዋ ግን እዚያው፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠው ነበር። እሷ ብቻም አልነበረችም፤ ባልየው አርባ ዓመት፣ ከተማው ሁሉ ያንኑ ያህል። ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ከመጠየቅ ልብ የሚያዳምጥ ወንበር መሥራት ቀሎታል። ደግነቱም አልረዳው፤ ተያይዘው የሚኖሩትን ሰዎች አንዱን ከሌላው ደህና አድርጎ የሸሸጋቸው ደግነቱ ራሱ ነው።

ፊደሉን አጠፋችና ቀና አለች።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዋና ነጂ ማን ልበል?»

ጋሽ ናኦል ከልማዳቸው የተነሣ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ በግድ ዘጉት፤ ትግሉ አገጫቸው ላይ ይታይ ነበር። እትዬ ኤልዳና ጥያቄው ሌላ ሰው የሚመልሰው ይመስል ትንሽ ጠበቁ።

«እኔ» አሉ። ድምፁ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸውና ደገሙት። «እኔ ነኝ በይ።»

የባላቸውን ፊት ለማየት ዞር አሉ። ጋሽ ናኦል ግን ቀድመው እያዩአቸው ነበር።