ሁለት ለማጥፋት፣ ሦስት ለማብራት

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ብታምኑም ባታምኑም፣ በገዛ ቤቴ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳሎኑን ሞልታው ነበር።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ቤት መስመር ስዘረጋ፣ የተቃጠለ ሶኬት ስቀይር ኖሬያለሁ። የራሴን ቤት ግን...

የሻወራችን ማሞቂያ የመሬት ሽቦ አልነበረውም። ሲበራ ቧንቧው ይነዝራል። ሚስቴ በነገረችኝ ቁጥር መልሴ አንድ ነው፤ "እሁድ እሠራዋለሁ።" ስንት እሁድ እንዳለፈ እኔም አላውቀውም። በኋላ ስሜን ትታ "አቶ እሁድ" ትለኝ ጀመር።

እስቅ ነበር።

እስከዚያው ብለን አንድ መላ አበጀን። ውሃው ከሞቀ በኋላ ትገባና ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን የቤቱን ሁሉ መብራት የሚያጠፋውን ብሬከር አወርዳለሁ። ታጥባ ስትጨርስ ሦስቴ ታንኳኳለች። አነሳዋለሁ።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርን። የስምንት ዓመቷ ልጃችን፣ ሚጣ የምንላት፣ እሷ እንኳ በቃሏ ይዛዋለች።

አንድ ቅዳሜ ሁለቴ አንኳኳች። አወረድኩት። ወዲያው ስልኬ ጠራ። ደንበኛ ነው፤ ማሞቂያው እየነዘረ አስቸገረኝ ይላል።

"የመሬት ሽቦ ሳይገባለት እንዳትነካው" አልኩት። "በዚህ ቀልድ የለም፣ ወንድሜ።"

የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ደረሰ። እያወራሁ ቻርጀሩን ሰካሁት። አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ አላሰብኩም... እጄ በልማድ ሄዶ ብሬከሩን አነሳው።

ሦስቱን ሳታንኳኳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አልችልም።

ሻወሩን ቆለፍኩት። ሚጣን ኩሽና ውስጥ በፕላስቲክ ሳፋ አጥባታለሁ። ሰው ሲጠራኝ ሄጄ እሠራለሁ፤ የራሴ ሻወር በር ፊት ስደርስ ግን እመለሳለሁ። ማሞቂያው እንደነበረ፣ ያለ ሽቦው፣ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ሚስቴን ከቀበርን በአምስተኛው ወር፣ መጀመሪያ ባልኳችሁ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

የጎረቤት ሬዲዮ ግን ይጮኻል። ሳጥኑን ከፈትኩ። ብሬከሩ ወርዷል።

ላነሳው ስል እምቢ አለኝ።

እናንተ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ የተበላሸ ብሬከር ተነስቶ ይወርዳል እንጂ እንዲህ አይታገልም። በሙሉ ኃይሌ ወደ ላይ ገፋሁት። ከላይ ሌላ ጣት ወደ ታች ይጫነዋል...

ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። ጣቴ ረጥቧል። አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከዚያ ግድግዳው...

ኳ። ኳ።

ከተቆለፈው ሻወር ነው።

"አባዬ..." ሚጣ ከኩሽና በሹክሹክታ ጠራችኝ።

"ዝም በይ።"

"አባዬ፣ እማዬ አጥፋ እያለችህ ነው።"

ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ልጄ ሳፋው አጠገብ ተንበርክካለች። እኔን ላለማስቸገር ብላ፣ ውሃ ውስጥ የሚነከረውን ማሞቂያ ሰክታ ሳፋው ውስጥ ከታዋለች። እጇ እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ነው። የማሞቂያው ገመድ ተልጦ መዳቡ ይታያል።

እሱንም እሁድ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር።

ነቅዬ ወረወርኩት። ልጄን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በሙሉ ኃይሌ እኮ ነው የታገልኩት... በእናቷ ላይ ያበራሁት አንሶ፣ በልጄም ላይ ላበራ ታገልኩ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። የሻወሩን በር ከፈትኩ። የመሬት ሽቦውን ዘረጋሁ፣ ማሞቂያውን እንደ ደንቡ አሰርኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ሲነዝር ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ጨመርኩ። አብርቼ ቧንቧውን በቴስተር ነካሁት። ምንም የለም። ማሞቂያውን አጠፋሁት።

ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። ሁለት ሰዓት።

"ሠራሁት" አልኩ ለግድግዳው። "እሁድ ነው... ሠራሁት።"

በሩን መልሼ ቆለፍኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ...

ኳ። ኳ።

በእጄ ብሬከሩን አወረድኩት። ወንበር ስቤ ሳጥኑ ስር ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ አላነሳሁትም። ሦስቱን እየጠበቅኩ ነበር።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ሆነ። ቤቱ እየጨለመ መጣ። ሚጣ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ላብራው?"

"አይሆንም። እናትሽ ገና አልጨረሰችም።"

ራሷን ደረቴ ላይ ጣል አደረገች። ቆይታ ወደ ታች አየች።

"አባዬ... እግርህ ረጥቧል።"

ውሃ ነው። በተቆለፈው በር ስር ቀስ እያለ ይወጣል። ማሞቂያውን ከዚያ እሁድ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አብርቼው አላውቅም።

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት።

ሞቃት ነው። የሳሙና አረፋም አለበት።