በፌስታል የመጣው አሮጌ ኪቦርድ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ የላፕቶፕ ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በንዴት ጨሻለሁ።

አጎቴ ሌሊቱን አርፏል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ የማንበቡ አደራ እኔ ላይ ወደቀ። እንደ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ይህቺን እንኳ ሳላደርግለት ብቀር በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?

ላፕቶፑ ግን አላስጽፍ አለኝ።

ልደቱን ይቀበላል። ሥራውን ይቀበላል። መጨረሻ ላይ "በተኙበት በሰላም አረፉ" ስል ግን... የማጥፊያዋ ቁልፍ በራሷ ትሰምጥና መስመሩን ቅርጥፍ አድርጋ ትበላዋለች።

ይህችን መስመር በስልክ ያስጻፈችኝ ሚስቱ ናት፤ ሌሊቱን አጠገቡ የነበረችውም እሷ ብቻ ናት። "አደራ ልጄ፣ እንዳትረሳት" ብላኛለች።

"ቆሻሻ ገብቶባት ነው" አለ ጠጋኙ። "ኪቦርዱን መቀየር ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።"

"ቀይረዋ! ምን ታየኛለህ?"

ቀየረው። መስመሯን ጻፍኩ። አልጠፋችም። እፎይ!

አሮጌውን ፌስታል ውስጥ ከቶ ሰጠኝ።

"ምን ያደርግልኛል?"

"ውሰደው ወንድሜ። ኋላ ሳይቀይርልኝ በላኝ እንዳትል።"

ምነው እዚያው ጥዬው በመጣሁ...

ቤት ገብቼ ጽፌ ጨረስኩ። ላሳትመው ስነሳ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ቀጭ...

ከፌስታሉ ውስጥ ነው።

ቀጭ... ቀጭ...

ስክሪኑን አየሁ። "በሰላም አረፉ" የለም። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

ፌስታሉን ቀደድኩት። አሮጌው ኪቦርድ ቀጭን ገመዱ ተንጠልጥሎ፣ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ... ማጥፊያዋ ትሰምጣለች፣ ትነሳለች።

እንዳትሰምጥ በጥፍሬ ያዝኳት። ከላይ የሚጫናት ነገር በለጠኝ።

እንደ ሰው እጅ ይሞቃል።

"ኧረ ተወኝ!" ብዬ ጮህኩ። ማንን እንደሆነ እንጃ። ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ ነበር ያስጮኸኝ።

ስልኬ ጠራ። የአጎቴ ሚስት ናት።

"ጨረስክ ልጄ?"

"ጨርሻለሁ እትዬ" ብዬ ዋሸሁ። ስለ ኪቦርዱ ለማንም ዘመድ ትንፍሽ አላልኩም።

ስልኩን ወደ አፏ ሳታስጠጋ አልቀረችም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ከዚያ በሹክሹክታ...

"የመጨረሻዋን መስመር... እሱ አላስጽፍ አለህ፣ አይደል?"

ቀጭ የሚለው ድምፅ ቆመ።

ቀስ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

የአሮጌው ኪቦርድ ቁልፎች በሙሉ አንድ ላይ ሰመጡ... የተኛ ሰው ፊት ላይ ያረፈን ትራስ መዳፍ እንደሚጫነው።

ከዚያ በኋላ አልተነሱም።