የብሪጅት ከንፈር

ብሪጅት ላፍላም የበረዶ ከረጢቱን ከከንፈሯ ላይ አንስታ ፈገግ ስትል የመልበሻ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ልጃገረዶቹ የሆኪ ዱላቸውን ከወለሉ ጋር እያጋጩ ስሟን ጠሩ። ላብ የጠጣ መለያ በአየር ላይ እየበረረ ወደ ቅርጫቱ ይገባል፣ ይስታልም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የካናዳ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በዚያ ከሰዓት አሜሪካንን አሸንፎ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች አሁን አንድ አንድ ጨዋታ አሸንፈዋል፤ የነገው ሦስተኛ ጨዋታ ይለያቸዋል።

ያልጮኸችው ታሪን ዎሎሹክ ብቻ ነበረች። አጎንብሳ በቅልጥሟ ላይ የተጠመጠመውን ፕላስተር ከሚገባው በላይ በዝግታ ትልጣለች።

«ኧረ ታሪን፣ ቢያንስ አጨብጭቢ» አለች አምበሏ ጆስሊን። «ቀብር ላይ የተቀመጥሽ እኮ ነው የምትመስዪው።»

«የግሬታ ቀብር ነዋ» አለች ብሪጅት። ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ፤ ሳቁም በዚያው መጠን ጨመረ።

የሆነው እንዲህ ነበር። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግሬታ ሆልም የምትባለው የአሜሪካኖቹ አጥቂ ከብሪጅት ጋር ጥግ ላይ ስትታገል የዱላዋ ጫፍ ወደ ላይ ሾለከና በብሪጅት የፊት መከላከያ ሽቦ ሥር ገብቶ አገጯን ነካት። እንዲህ ያለው ጥፋት በተለምዶ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ነው። ደም ከፈሰሰ ግን ቅጣቱ አምስት ደቂቃና ከጨዋታው መባረር ይሆናል፣ የተባረረችው ልጅም ቀጣዩን ጨዋታ አትሰለፍም፤ ሆኪ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብሪጅት በጉልበቷ ወድቃ ፊቷን ወደ በረዶው ደፋች። ታሪን አብራት የምትሰለፍ ተከላካይ ስለሆነች ቀድማ ደረሰች። «ደህና ነሽ?» ብላ ስታጎነብስ በሽቦው መካከል ያየችው ግን ደም አልነበረም። ብሪጅት የጥርስ መከላከያዋን በምላሷ ገፍታ አውጥታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ የታችኛውን ከንፈሯን ባላት ኃይል ነክሳው ነበር። ደሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው ደሙን አይቶ ግሬታን አባረራት፤ ካናዳም አሜሪካኖቹ በአንድ ሰው ጎድለው በተጫወቱበት አምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ግብ አገባች።

በሩ ሲከፈት አንዷ ሙዚቃውን አጠፋች። ኮች ማርሎው ገቡ። ሲቆጡም ሲደሰቱም ድምፃቸው አይለወጥም፤ ልጆቹ የሚፈሯቸውም በዚህ ነው።

«አሜሪካኖቹ ይግባኝ ብለዋል» አሉ። «ግሬታ ሆልም ነገ ትጫወት አትጫወት ኮሚቴው አሁን ይወስናል። በቅርብ የነበረችውን ተጫዋች መስማት ይፈልጋሉ። ታሪን፣ አንቺ ነሽ።»

«ምን ልበላቸው ኮች?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አሉ ማርሎው። «ያየሽውን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ባውቅም ደስ አይለኝም።»

ብሪጅት ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት፤ ባዶ እግሯን ነበረች።

«ምን ልትዪ ነው?»

«ምን እንድል ትፈልጊያለሽ?»

«አትፎግሪኝ። ዱላው መታኝ። ደማሁ። በቃ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።»

«ሁለቱም እውነት ናቸው።»

«አየሽ፣ ታዲያ?»

«መሃላቸው ያለው ነው የጎደለው።»

ብሪጅት ግድግዳውን ተደገፈች። «አቦ፣ ፋራ አትሁኚ። ትናንት ግሬታ ጉሮሮሽን በክርኗ ስትመታሽ ዳኛው አየ? አላየም። ተነስተሽ ወንበሩ ላይ እስክትደርሺ ማን ደገፈሽ? እኔ። ዛሬ የእጇን አገኘች። ከንፈር መንከስ ደግሞ እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም፤ ሁሉም ያደርገዋል።»

«እኔ አላደርገውም።»

«አንቺማ መንኩሰሻል» አለች ብሪጅት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥር ላይ ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄዱትን ኮች ናቸው የሚመርጡት። ከሁላችንም መጨረሻ የተመረጥሽው አንቺ ነሽ። ይህን ከተናገርሽ ማንም ካንቺ ጋር አይቀመጥም። እኔ ራሴ አላናግርሽም። እየዛትኩብሽ አይደለም፣ እንድታውቂው ነው።»

ታሪን ደረጃውን ወጣች። የኮሚቴው ክፍል በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ግሬታ ሆልም እግሮቿን ዘርግታ ማስቲካ ታኝካለች። የዚያችን ልጅ ለከፋ ታሪን ከሁለቱም ጨዋታ በቃሏ ይዛዋለች። ታሪን የስንዴ አገር ከሆነው ከሳስካችዋን ክፍለ ግዛት እንደመጣች ግሬታ ከሰማች ጀምሮ፣ ባለፈች ቁጥር «አንቺ እዚህ ስትንከባለዪ ስንዴውን ማን እያጨደው ነው?» ትላታለች።

«ኧረ ገበሬዋ መጣች» አለች ግሬታ። «ለመዋሸት ልዩ ልብስ አልለበስሽም?»

«ዝም በይ።»

«ዝም አልልም። ዱላዬ አገጯን ነክቷል፣ አልካድኩም፤ ሁለቱ ደቂቃ ይገባኛል። ከንፈሯን ግን ራሷ ነች የበላችው። አንቺ ደግሞ አፍንጫዋ ሥር ነበርሽ።»

ታሪን እጀታውን ይዛ ቆመች። ልጅቷ ጥቂት እንኳ ብታጎነብስ፣ አንዴ «እባክሽ» ብትል፣ ነገሩ ሁሉ ይቀላት ነበር።

«ብትለምኚኝ አይሻልሽም?»

«አንቺን?» አለች ግሬታ። «አንቺን ከምለምን ነገ እላይ ከተመልካቹ ጋር ቁጭ ብዬ ሆት ዶግ ብበላ ይሻለኛል። ከተጫወትኩ ግን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የምመጣው ባንቺ በኩል ነው። ወደ ግራ ስትዞሪ እንደ ጭነት መኪና ነሽ።»

ይህም እውነት ነበር። ታሪን ወደ ግራ መዞር እንደማይሆንላት እናቷም፣ ኮችም፣ እሷም ያውቃሉ፤ ሚስጥሩ ከቡድኑ እንዳልወጣ ግን ታምን ነበር።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ነበር፤ መሃላቸው ግማሽ የቀረ የዶናት ካርቶን አለ። መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ እንድትቀመጥ ጋበዟት። የጨዋታው ካሜራ ከጀርባ ስለቀረፀ የብሪጅት ፊት እንደማይታይ፣ ስለዚህም የእሷ ቃል እንደሚያስፈልጋቸው በትሕትና አስረዷት።

«ዱላው ነካት?»

«አዎ። አገጯን።»

ሽማግሌው ጻፉ። «ከዚያ ደማች።»

እንደ ጥያቄ አላሉትም፤ እንዳለቀ ነገር ነበር ያሉት። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። ከሥር፣ ከመልበሻ ክፍሉ፣ ሙዚቃው እንደገና መጀመሩ ይሰማል። ታሪን ጥርን አሰበች፤ ከጎኗ ባዶ የሚሆነውን ወንበር አሰበች፤ ከበሩ ውጭ ማስቲካ የምታኝከውን ልጅ ደግሞ በጣም ጠላቻት።

«ከዚያ» አለች፣ «የጥርስ መከላከያዋን አወጣች።»

የሽማግሌው ብዕር ቆመ።

«ቀጥዪ» አሉ።

ወደ ታች ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ግሬታ ነገ እንድትጫወት ተፈቅዷል። ሙዚቃው ጠፍቷል። ታሪን የተወችው ቦርሳ ከብሪጅት ጎን ተነስቶ፣ በሻወሩ በር አጠገብ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦታ ተጥሏል። ጆስሊን ስታያት ፊቷን አዞረች። አንዷ ከጥግ «ስንት ከፈሉሽ?» አለች፤ ማንም አልሳቀም፣ ዝም ያሰኛትም የለም።

ኮች ማርሎው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«የምትጨምሪው አለ?»

«አለ ኮች» አለች ታሪን። «ነገ ግሬታ በረዶው ላይ በወጣች ቁጥር እኔን እሷ ላይ ያሰልፉኝ።»

«ባንቺ በኩል ነው የምትመጣው።»

«ነግራኛለች።»

ማርሎው ወደ ቦርሳዋ አዩ። ቁጣም ምስጋናም ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«የጫማሽ ስለት ደንዟል» አሉ። «የሞራጁ ሱቅ ሳይዘጋ አስሞርጂው። ከዚያ ወደ በረዶው ተመለሺ፤ ወደ ግራ እንዞራለን።»

ታሪን የመንሸራተቻ ጫማዎቿን ከእርጥቡ ቦርሳ አወጣች። በብሪጅት አጠገብ ስታልፍ ቆመች። የሁለቱንም ጫማ ወደ ሞራጁ የምትወስደው ሁልጊዜ ታሪን ነበረች።

«ያንቺንም ልውሰደው?»

ብሪጅት ግድግዳውን እያየች ከረጢቱን በከንፈሯ ላይ እንደያዘች ቀረች። ታሪን የራሷን ብቻ ይዛ ወጣች።