የስድስት ሜትር ገመድ

በብልባላው ትምህርት ቤት የልጆች ዓይን ሲመረመር ስድስት ሜትር ገመድ ይዘረጋል። በአንዱ ጫፍ መምህርት ይማርሽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞሩ ባለሦስት ጣት ምልክቶች የተደረደሩበትን የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ ይዛ ትቆማለች። በሌላው ጫፍ መምህር ሰውአገኝ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ የምልክቶቹ ጣቶች ወዴት እንደዞሩ በእጁ እያሳየ ልጆቹን ያስተምራል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ሌላው ሰው በገበያ፣ በጥምቀት ይተያያል፤ እነሱ በገመድ ግራና ቀኝ ቆመው ተዋደዱ። ሰውአገኝ ለመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር።

ያን ዕለት የያዘችው ሰንጠረዥ አዲስ ነው። አሮጌው ቢቀደድ ጤና ጣቢያው የላከላት ሲሆን፣ ለሰውአገኝ ሳትነግረው ቀረች።

የመጀመሪያውን ምልክት ነካች። ጣቶቹ ወደ ታች ናቸው፤ ሰውአገኝ ወደ ቀኝ አሳየ። ሁለተኛው ወደ ላይ ነበር፤ እሱ ወደ ግራ አሳየ። ልጆቹ ሳቁ።

ይማርሽ ግን እጁን ልብ ብላ አየች። እጁ የሚያሳየው የአሮጌውን ሰንጠረዥ ተራ ነበር። በገነተ ማርያም የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው፣ ሰንጠረዡንም እንደ ዳዊቱ በቃሉ ይዞት ኖሯል።

«አያችሁ፣ መምህር ሆን ብለው ነው የሚሳሳቱት። እናንተ እንዳትሳሳቱ» አለች።

ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ማየት ያቃተህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ካቻምና ጀመረኝ። ደሴ ሄጄ ታይቻለሁ፤ መነጽር አይመልሰውም አሉኝ። የአባቴንም ዓይን የወሰደው ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለእኔ መንገር አቃተህ?»

«ብነግርሽ እሺ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እሱን ነው የፈራሁት። እናቴ አባቴን ስትመራ ነው ያረጀችው። እሑድ ሽማግሌ አይመጣም፣ ይማርሽ።»

«እኔ ልመራህ ፈቅጃለሁ እኮ።»

«እኔ አልፈቀድኩም።»

እንባዋ ወረደ። እሱ አላየውም፤ ከሁሉ ያንገበገባት ያ ነበር።

«ፊቴ የሚታይህ ከየት ላይ ነው?»

«እስቲ ነይ።»

ገመዱን ተከትላ መጣች። ሦስት ሜትር ላይ ስትቆም አልታየኝም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ላይም እንዲሁ። አንድ ክንድ ሲቀራት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠቆረ።

«እያለቀስሽ ነው» አላት።

ጥር ሳይወጣ ሥራውን ለቀቀና ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ወጣ። እዚያ ለዲያቆናት በቃሉ ዜማ ያስተምራል ይላሉ። ይማርሽ ከዚያ ወዲህ የመጡላትን ሽማግሌዎች ሁሉ መልሳለች።

ዛሬም በየዓመቱ ገመዱን ትዘረጋለች። ልጆቹ ከጫፉ አንድ ክንድ ገባ ብሎ ያን ዕለት ፊቷ በታየው ቦታ ላይ የቋጠረችውን ቋጠሮ እያዩ «ቲቸር፣ ይቺ ለምንድን ናት?» ይሏታል።

«እዚያ የሚቆም የለም» ትላቸዋለች። «እናንተ ጫፉ ላይ ቁሙ።»