የሦስተኛው ማደሪያ እንጨት

በሰርማድ መንግሥት የምድጃ እሳት ሁሉ በአንድ ማለዳ ጠፋ። ጉማት የተባለው የጉም አውሬ ከሰሜን ተነስቶ የአገሩን ሙቀት ምጥጥ አድርጎ ጠጥቶት ነበር። በዚያው ማለዳ የሐሪማ እህት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ከብርዱ የተነሳ ማልቀስ እንኳ አቃተው።

ሐሪማ በንግሥት ኤዳት ፊት ቆማ እጇን ከቀዘቀዘው የቤተ መንግሥት ምድጃ ላይ ጫነች። «በዚህ አመድ እምላለሁ! ከጉርማይ አፍ እሳት ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ድካም ምን እንደሆነ ገና አታውቅም።

ጉርማይ አናቱ የተቦረቦረ፣ እስከ ትከሻው በዝግባና በኮሶ ደን የተዋጠ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። መንገዱን የሚያውቁት ሽማግሌው አባ ድማሙ ብቻ ነበሩ፤ ሊመሯት አብረዋት ተነሱ። ግራ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ የሚሄዱት በወይራ ምርኩዝ ነው። በምርኩዙ ላይ ከተራራው ያልተመለሱት የሁለት ልጆቻቸው ስም ተቀርጿል።

«የተራራው ሕግ አንድ ነው» አሏት ገና ከግርጌው። «ያደረ ሰው ሲነሳ፣ ለሚቀጥለው መንገደኛ ደረቅ እንጨት ከማደሪያው ቋጥኝ ሥር ከምሮ ይሄዳል። እኔ በዚህ እግሬ ቀድሜ ላዝግም፤ መከመሩ ያንቺ ነው።»

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ማደሪያ ከመረች። በሦስተኛው ግን ድካሙ አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ነበር። የገሞራው ጠጠር ሁለት እርምጃ ሲወጡበት አንዱን መልሶ ይወስዳል፤ ድንኳኑ በጤዛ ከብዷል፤ ትከሻዋ ተልጧል። ማን ሊመጣ? እሳት በሌለበት አገርስ እንጨት ምን ይሠራል? ጓዟን አንስታ ተከተለቻቸው።

«ከመርሽ?»

«ከምሬያለሁ፣ አባ።»

በአምስተኛው ቀን ከጉርማይ አፍ ደረሱ። ሐሪማ በገመድ ወረደች፤ ቅንድቧ እየተለበለበ ፍሙን አመድ በሞላው ማሰሮ ውስጥ ቀበረችው። ሲመለሱ ዝናቡ ጀመረ፤ ከዝናቡም ጋር ጉማት መጣ። ማሰሮው እስካልቀዘቀዘ ድረስ ግን ሊጠጋቸው አልደፈረም።

በአራተኛው ማደሪያ ሲወጡ ከምራ ነበርና ያ እንጨት ፍሙን መገበው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደረሱ። ደኑ ውሃ ጠግቧል፤ ማሰሮው እየቀዘቀዘ ነው፤ ከቋጥኙ ሥር ምንም የለም።

«ሐሪማ፣ እንጨቱ የታል?»

«አልከመርኩም፣ አባ። ደክሞኝ ነበር። ዋሸሁዎት።»

ሽማግሌው «ልጆቼ በብርድ ያለቁት ባዶ ማደሪያ አግኝተው ነው» አሉ። «ከእነሱ በፊት ያደርኩበት እኔ ነበርኩ። እኔንም ደክሞኝ ነበር።»

ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው ሰበሩትና ስባሪውን ፍሙ ላይ አደረጉት። ወይራው ያዘ፤ ጉማት አጉረምርሞ ሸሸት አለ።

«እሸከምዎታለሁ!» አለች እያለቀሰች።

«እኔን ተሸክመሽ ማሰሮውን በምን ትይዣለሽ? ወይራ ፍሙ ይቆያል፣ አገር ያደርስሻል። ሕፃኑ አይጠብቅም፤ ሂጂ፣ ልጄ!»

ሄደች። ዞር ስትል ጉሙ በመካከላቸው ገብቶ ነበር።

በሰርማድ ምድጃዎች ሁሉ ተቀጣጠሉ፤ ጉማት ከሺህ ጣሪያ በሚወጣው ጭስ ተበትኖ ጠፋ። የእህቷ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ንግሥቲቱ የወርቅ መታጠቂያ አስታጥቀዋት፦ «የሰርማድ ብርሃን ሆይ፣ እንግዲህ ዕረፊ! ምን ይደረግልሽ?» አሏት።

«መጥረቢያ ይሰጠኝ» አለች ሐሪማ። መታጠቂያውን ፈትታ እዚያው ተወችው።

የደረቀ እንጨት ባልዳነው ትከሻዋ ላይ ተሸክማ፣ በየጠጠሩ እየተንሸራተተች ሦስተኛው ማደሪያ ደረሰች። አባ ድማሙ ቋጥኙን ተደግፈው እንደተቀመጡ ቀዝቅዘዋል። ክርናቸውና ጉልበታቸው በገሞራ ጠጠር ተልጧል። ከአጠገባቸው፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ፣ በደረታቸው እየተሳቡ የለቀሙት ጭራሮ በሥርዓት ተከምሮ ነበር።

ሐሪማ ብዙ አለቀሰች። ከዚያም ሸክሟን አውርዳ ከጭራሮው ላይ ከመረችው።