ፀሐይ ያልከዳቻት እርከን

«አንቺ! የሚስቴን ጓዳ ነው እኮ የነቀልሽው!»

ኖዚጉል ደንግጣ ዞረች። አንድ ረጅም ሰው በረዶውን እየጣሰ ሽቅብ ይመጣል። በእጇ የያዘችውን ችካል አየችው። የፀሐይ መለኪያዋ እግር ቢንሸራተትባት ጊዜ መሬት ላይ ያገኘችውን እንጨት ነቅላ ልትደግፍበት ነበር።

«ይቅርታ... የወደቀ እንጨት መስሎኝ ነው።»

«ተተክሎ የቆመ እንጨት ነው የወደቀ የሚባለው?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ሚስትህ ይቅር ትበለኝ» አለች በቀስታ፣ ችካሉን ወደ ጉድጓዱ እየመለሰች።

«ገና አልመጣችም» አለ ሰውየው። ቀርቦ ሲያያት ቁጣው የት እንደገባ እሱም አላወቀም። «ስትመጣ ግን ጓዳዋን ጠማማ ሆኖ እንዳታገኘው። ትንሽ ወደ ግራ አድርጊው።»

ኢሞምዶድ ይባላል። ዓመታት ሞስኮ ውስጥ ሕንጻ ላይ የሠራው ለዚህች እርከን ብሎ ነው። ዳሽትሮግ መንደር በባርታንግ ሸለቆ ተራሮች መካከል ተጨምቃ የምትኖር ናት፤ በበረዶው ወራት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ተደብቃ ትከርማለች። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ መኖሪያ ቤቶቹም ጥላ ውስጥ ይከርማሉ። ፀሐይ የማትከዳት ከመንደሩ በላይ ያለችውን ይህችን እርከን ብቻ ነው። ኢሞምዶድ እዚህ፣ በችካሎቹ ባመላከተው ቦታ ቤት ሠርቶ፣ አጥንቷን ብርድ የጨረሰባትን እናቱን ፀሐይ ላይ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቷል።

ኖዚጉል ከኾሮግ ከተማ የመጣች መሐንዲስ ናት። ወንዙ ላይ ያለችው ትንሽ የመብራት ተርባይን ውሃው በብርድ ሲረጋ ትቆማለች፤ ያውም ልክ መብራት በሚያስፈልግበት ወቅት። ለክሊኒኩና ለትምህርት ቤቱ ሶላር የሚተከልበትን ቦታ እንድትመርጥ ነው የተላከችው። ቦታውን በመጀመሪያው ቀን አገኘችው። በኢሞምዶድ ችካሎች መካከል ነበር።

«ነገ እነግረዋለሁ» አለች ለራሷ።

ግን ያረፈችው እናቱ ቤት ሆነና ነገሩ ከበዳት። ሱልቶንሞ የመንደሩ አዋላጅ ናት፤ እንግዳም የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጨውና ቅቤ ባለው የወተት ሻይ ላይ ዳቦ እየቆረሰች ትጨምርላታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ከተማ ውስጥ እህል የለም እንዴ? ብዪ! በዚህ ላይ ነፋስ ቢነፍስ ወንዙ ውስጥ ነው የምንለቅምሽ።»

ኖዚጉል እየሳቀች ትበላለች። ከዚያ ሌላ ቦታ ፍለጋ ትወጣለች። ትምህርት ቤቱ ጓሮ ለካች። መቃብሩ አጠገብ ለካች። ድልድዩን ተሻግራም ለካች። መለኪያዋን የሚሸከምላት ኢሞምዶድ ነው።

አንድ ቀን ወንዙ ዳር ጣቶቿን በትንፋሿ ስታሞቅ፣ ጓንቱን አውልቆ ሰጣት።

«ፀሐይ ዛሬ የት ደረሰች?» አለችው። የዳሽትሮግ ሽማግሌዎች የፀሐይን መመለስ የሚቆጥሩት በሰው አካል ነው። ከእግር ጥፍር ትነሳለች፤ በጉልበት፣ በሆድ፣ በልብ አድርጋ ራስ ላይ ትወጣለች።

«ጉልበት ላይ ናት» አለ። መለኪያውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ፣ «ልብ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

«ጉልበት ላይ እያለች አይጠየቅም። ሰው ያነክሳል።»

ሳቀች። ያን ዕለት ልትነግረው ይገባ ነበር... አልነገረችውም።

ቀናት አለፉ። አለቃዋ ከኾሮግ መጣ፤ የመንደሩ ሰው ትምህርት ቤት ተሰበሰበ። አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ ቦታው ላይኛው እርከን ነው። ኖዚጉል ገና እንደመጣች ነግራናለች። ከእናንተ ባለቤቱ ማን ነው?»

ኢሞምዶድ ወደ ኖዚጉል ዞረ። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ተነስቶ ወጣ። ተከትላው ሮጠች፤ በረንዳው ላይ ደረሰችበት።

«ሻይ ስትጠጪ የከረምሽው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከመሬቴ ጋር?»

«ኢሞምዶድ፣ ስማኝ...»

«ዕቃሽን ተሸክሜ ስዞር በሆድሽ ምን ትዪ ነበር? ምን ዓይነት ሞኝ ነው እያልሽ?»

ጥሏት ሄደ። አለቃዋ ከኋላዋ ብቅ ብሎ «አይዞሽ፣ ጥሩ ካሳ እንሰጠዋለን» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ኖዚጉል ሹራቧን ደራርባ ወደ እርከኗ ወጣች። ኢሞምዶድ የቀዘቀዘውን መሬት በዶማ ይደበድባል። መሠረት መቆፈሩ ነው።

«መሬቱን ልትለምኚ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ልብ ላይ ስትደርስ ምን ልትጠይቀኝ ነበር?»

ዶማው አየር ላይ ቀረ። «አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«ጠይቀኝ።»

«ፀሐይ ገና ሆድ ላይ ናት።»

«እኔ አልጠብቃትም!» ድምፅዋ ተራራውን መትቶ ሲመለስ ራሷም ደነገጠች። ግን ወደ ኋላ አላለችም።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ታገቢኛለሽ ወይ... ልል ነበር።»

«አገባሃለሁ።»

ቀና አለ።

«መሬቱን አልሰጥም ብትልም አገባሃለሁ» አለች። ቃላቱ እንዳያመልጧት የፈራች ትመስላለች። «ሳትወስን በፊት የነገርኩህ፣ ነገ ለመሬቱ ብላ ነው እንዳትል ነው። ከሰጠህም ለእኔ አትስጥ። እኔ መሬቱን በጥሎሽ መልክ አልቀበልህም። ለክሊኒኩ ስጥ።»

«አልሰጥም ካልኩስ?»

«አልኩህ እኮ፣ አገባሃለሁ። ከዚያ ዕድሜ ልክህን እነዘንዝሃለሁ።»

ሳይወድ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ከበደ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ። ሌላ ቦታ ባገኝ፣ አንተ ሳትሰማው ነገሩ ያልፋል ብዬ ነበር... አላገኘሁም።»

«ቤቱን ልሥራና ጣራው ላይ ትከሉዋ!»

«ጣራህ ለቤትህ ይበቃል እንጂ ለክሊኒኩ አይበቃም። እርከኗ ጠባብ ናት፤ ቤት ከቆመባት ጥላው የቀረውን ይበላዋል።»

ዶማውን ተደግፎ ቁልቁል መንደሩን አየ። ሁሉም ግራጫ ነው።

«እናቴስ?»

«እሷን አላባብላትም» አለች ኖዚጉል። «እውነቱን እነግራታለሁ። እሷ እምቢ ካለች እኔም አለቃዬን እምቢ እላለሁ።»

ሱልቶንሞን ሊጥ ስታቦካ አገኟት። ኖዚጉል ሁሉንም ነገረቻት፤ ምንም አላስቀረችም።

«ታዲያ ይሄ ሶላራችሁ ቤቴን ያሞቅልኛል?»

«አያሞቅም እማማ። የሚችለው መብራትና የክሊኒኩን ዕቃ ነው። እርስዎ ያው ኩበት እያነደዱ ነው የሚከርሙት።»

«ትንሽ ብትዋሺስ ምን አለ...» አለ ኢሞምዶድ በሹክሹክታ።

«አንተ ዝም በል! የከተማ ሰው እውነት ሲናገር ስሰማ ዛሬ ገና ነው፤ አታበላሽብኝ።»

ሊጡን ከጣቶቿ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ለአጥንቴ ፀሐይ ይሻለኛል» አለች። «አልዋሽም፣ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬያለሁ። ለሥራዬ ግን መብራት ነው የሚሻለኝ። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ነው እኮ ሰው የማዋልደው። ደም ይሁን ውሃ የማውቀው በጣቴ ነው...» ልጇን አየችው። «ስጠው።»

«እማ፣ ቃል ገብቼልሽ ነበር።»

«ቃሉ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ የምምርህም እኔ ነኝ። ጥላም ከሆነ ሦስታችንም ጥላ ውስጥ እንኑር። አሁን ውጡልኝ፣ ሊጤ ይደርቃል!»

ኢሞምዶድ በዚያው ቀን ወጥቶ ችካሎቹን ነቀላቸው። ኖዚጉል ልታግዘው ብትጎነበስ «ይሄን እኔ ልንቀለው» አላት። ተወችው። ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት የሶላር ሰሌዳዎቹ መጡ። ኢሞምዶድ ብረቱን በየደ፤ ኖዚጉል ገመዱን ዘረጋች። ተጣልተው ታረቁ፣ ደግሞ ተጣሉ። አዲሱ ቤታቸው ከሱልቶንሞ ቤት ጎን፣ ጥላው ውስጥ ቆመ። ሠርጉ በረዶው ተመልሶ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ በጠፋች ሳምንት ሆነ።

አመሻሹ ላይ፣ ከበሮው ሞቅ ብሎ ሳለ አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች።

«ሱልቶንሞ! ምራቴን ምጥ ያዛት! ክሊኒክ ወስደናታል!»

ሱልቶንሞ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ሙሽራዋም ተነሳች።

«አንቺ ወዴት? ሙሽራ ነሽ እኮ፣ ቁጭ በይ!» ጮኹ ሴቶቹ።

«እኔ የገጠምኩት መብራት ነው» አለች ኖዚጉል፣ ቀሚሷን እየሰበሰበች። «ዛሬ ቢጠፋ በምን ዓይኔ አያችኋለሁ?»

ሄደች። እንግዳው ሁሉ ወደ ሙሽራው ዞረ።

«ኧረ ኢሞምዶድ፣ ሙሽራህ ገና ሳይመሽ ጠፋችብህ!»

«አልጠፋችም» አለ ኮቱን እያነሳ። «ሥራ ገብታ ነው።»

ክሊኒኩ ደጃፍ ሲደርስ የመስኮቱ ብርሃን በረዶው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ኖዚጉል ከማዋለጃው ክፍል በር ውጭ፣ ማብሪያውን በዓይኗ እየጠበቀች፣ በነጭ ቀሚሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣለላት። እጁን ያዘችው። ከውስጥ ጩኸት፣ ዝምታ፣ ደግሞ ጩኸት... በመጨረሻ ቀጭን ልቅሶ ተሰማ። መብራቱ አንዴም አልተርገበገበም።

በሩ ተከፈተ። ሱልቶንሞ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ብቅ አለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«ሴት ናት» አለች። «ፊቷን አየሁት። ገና ብቅ ስትል ፊቷን አየሁት እኮ፣ ልጆቼ!»